«መድኃኒቱ እምቢ ያለው» ልጅ ጂን አለው ወይ? የካዋሳኪ በሽታን የዘረመል ጥናቶች ስናነብ

ካዋሳኪ ሲባል አብዛኞቻችሁ ትዝ የሚላችሁ ሞተር ሳይክሉ ይሆናል። ዝምድና የላቸውም። የኛው ካዋሳኪ፣ ዶክተር ቶሚሳኩ ካዋሳኪ የሚባሉ ጃፓናዊ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። በ1961 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቶኪዮ በሚገኝ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሲሠሩ አንድ የ4 ዓመት ልጅ መጣላቸው። ትኩሳቱ አልወርድ ብሏል፤ ዓይኖቹ ደም መስለዋል፣ ግን ዓይናር የላቸውም፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ምላሱ እንደ እንጆሪ ቀልቷል፤ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት አለ። በሽታው መጽሐፍ ላይ ከሚያውቁት ከየትኛውም ጋር አልገጥም አላቸው። ተመሳሳይ ልጆችን እየመዘገቡ ቆይተው በ1967 የ50 ልጆችን ታሪክ በጃፓንኛ አሳተሙ። ዛሬ በሽታው በስማቸው ይጠራል።

የሚያስፈራው ሽፍታው አይደለም፤ እሱስ ይጠፋል። የሚያስፈራው ብግነቱ ልብን ራሷን የሚመግቡትን ደም ቅዳ ቧንቧዎች መያዙ ነው። የቧንቧው ግድግዳ ይላላና እንደ ፊኛ ይነፋል። እዚያ የተነፋው ቦታ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፣ አንድ ሕፃንም ሽማግሌ ላይ የምናውቀውን ዓይነት የልብ ድካም ሊያገኘው ይችላል። ካልታከሙት ልጆች ከ4ቱ የ1ዱ ያህል ቧንቧ ይጎዳል። ሕክምናው በ1984 ጃፓን ውስጥ፣ በ1986 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በጥናት ከተረጋገጠ ወዲህ ይህ ቁጥር ወደ 20 ለ1 ገደማ ወርዷል። መድኃኒቱ ከብዙ ሺህ ደም ለጋሾች ተጣርቶ የተሰበሰበ አንቲቦዲ ነው፤ አይቪአይጂ ይሉታል። በደም ሥር ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፤ መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ 2 ግራም ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 24 ግራም ይወስዳል ማለት ነው። ውድ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ከ100 ልጆች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት መድኃኒቱን ወስደውም ትኩሳታቸው አይለቃቸውም ወይም ተመልሶ ይመጣል። ቧንቧቸው የሚጎዳባቸውም በብዛት እነዚህ ናቸው። እና ሁሉም ሐኪም የሚጠይቀው ጥያቄ፦ እነዚህን ልጆች ቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ? የዘረመል ተመራማሪዎች «ይቻል ይሆናል» ብለው ገቡበት። ከ2008 ወዲህ የወጣው ታሪክ በየስላይዱና በየንግግሩ ሲተረክ እጅግ ያምራል፦ ጃፓኖች ጂኑን አገኙ፣ ጂኑ መድኃኒቱን ጠቆመ፣ መድኃኒቱ ሠራ። እኔም ለተማሪዎች ስነግር ኖሬያለሁ። ጽሑፎቹን እንደገና አንድ በአንድ ሳነባቸው ግን ታሪኩ የሚያምረው ብዙ ነገር ስለተቆረጠለት መሆኑ ገባኝ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በሽታው ውስጥ የዘር እጅ እንዳለበት የሚያጠራጥር አይደለም። ጃፓን ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100,000 ልጆች በየዓመቱ ከ300 በላይ ይታመማሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ 20ዎቹ አካባቢ ነው። «አገሩ ነው እንጂ ዘሩ አይደለም» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ሃዋይ ላይ አለ። እዚያ የሚወለዱ የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ልጆች ከነጭ ጎረቤቶቻቸው ከ10 እጥፍ በላይ ይታመማሉ። ያው ደሴት፣ ያው አየር። የታማሚ ልጅ ወንድምና እህትም ከሌላው ልጅ 10 እጥፍ ያህል ተጋላጭ ናቸው።

ግን እዚሁ ላይ ቆም በሉ። ጃፓን ውስጥ አንደኛው መንታ ሲታመም ሌላኛውም የሚታመመው ከ100 ጊዜ 13 ያህሉን ብቻ ነው። ጉዳዩ የጂን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ዓይነት ዲ ኤን ኤ ያላቸው መንትዮች አብረው ይታመሙ ነበር። ስለዚህ ዘር በሩን ገርበብ ያደርገዋል፣ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ፣ ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ ወይም በነፋስ የሚመጣ ነገር፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በሽታውን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራም የለም። ሐኪሙ የሚለየው እንደ ዶክተር ካዋሳኪ በዓይኑ አይቶ፣ ቀኑን ቆጥሮ ነው።

የ2008ቱ ጽሑፍ

ዮሺሂሮ ኦኖውቺ፣ አኪራ ሃታና ባልደረቦቻቸው ሁለቱም የታመሙባቸውን የወንድምና እህት ጥንዶች ሰበሰቡ። ሁለቱም ልጆች ከሚጠበቀው በላይ የሚጋሩት የዲ ኤን ኤ ክፍል የትኛው ነው ብለው ፈለጉ። ፍለጋው ክሮሞዞም 19 ላይ አደረሳቸው። ከዚያ አካባቢውን ፊደል በፊደል ፈትሸው አይቲፒኬሲ የሚባል ጂን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ሰው «ጂ» የሚባለው ፊደል አለው፤ ታማሚዎቹ ዘንድ ደግሞ «ሲ» የሚባለው በዛ ብሎ ተገኘ። ውጤቱ ኔቸር ጄኔቲክስ ላይ ወጣ።

ጽሑፉን የምወደው በዚህ አያበቃም። ብዙ የዘረመል ጥናቶች «ይህ ፊደል ከበሽታው ጋር አብሮ ይታያል» ብለው እዚያው ይተዋሉ። እነሱ ግን ፊደሉ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ጠላት ሲያይ፣ ውስጡ አንዲት ትንሽ መልእክተኛ ሞለኪውል ትለቀቃለች፤ አይፒ3 ትባላለች። አይፒ3 የካልሲየም ጎተራውን ትከፍታለች። ካልሲየሙ ካልሲኒዩሪን የሚባል ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ካልሲኒዩሪን ኤንፋት የሚባለውን ፕሮቲን ወደ ሴሉ ኒውክለስ ያስገባል፤ ያኔ የጦርነት አዋጁ ይታወጃል፣ ቲ ሴሉም ይራባል። አይቲፒኬሲ የሚሠራው ፕሮቲን አይፒ3ን ይዞ ወደ ሌላ ነገር ይቀይራታል። ፍሬን ነው በቃ። «ሲ» የሚለው ፊደል ደግሞ የጂኑ ቅጂ በአግባቡ ተቆርጦ እንዳይቀጠል ስለሚያውክ ፍሬኑ ያንሳል። ፍሬኑ ያነሰ ሴል ከልክ በላይ ይነዳል።

ይሄ ጥሩ ሳይንስ ነው። አሁን ግን ቁጥሩን እንመልከት፤ ጋዜጣ ላይ የሚቀረው ይሄ ነውና። ፊደሉ አደጋውን በግምት ሁለት እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። ሁለት እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል አይደል? እስቲ እናስላው። ጃፓን ውስጥ በዓመት ከ100,000ው 300 ልጅ ከታመመ፣ በ5 ዓመት ውስጥ 1,500 ነው፤ ማለትም ከ100 ልጅ 1 ተኩል። እሱን በሁለት ብታበዙት 3 ይሆናል። «ሲ» ያላቸው 100 ልጆች ሰብስባችሁ ብትጠብቁ 97ቱ በካዋሳኪ ሳይታመሙ ያድጋሉ። ይህን ፊደል «የካዋሳኪ ጂን» ብሎ መጥራት የማይገባው ለዚህ ነው። በኛ አገር ልጅ ሲታመም «ከማን ወገን ወጣበት?» የሚል ጥያቄ ቶሎ ይመጣል፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ማንንም ተወቃሽ አያደርግም። (በነገራችን ላይ «ጂን» የሚለውን ቃል «ጅን» ብለው ያነበቡ አንድ አንባቢ «ቀድሞስ ጅን እንደሆነ ነግረናችሁ አልነበር?» እንዳይሉኝ እሰጋለሁ።)

ሌላ ቦታ ሲሞከርስ? ታይዋን ውስጥ አንድ ቡድን በ2010 ይህንኑ ፊደል ፈልጎ ከበሽታው ጋር ግንኙነት አላገኘሁም አለ፤ ሌላ ቡድን በ2011 አግኝቻለሁ አለ። የታይዋን ሕዝብ ውስጥ «ሲ» ከጃፓኑ ያነሰ ስለሆነ፣ በጥቂት መቶ ልጆች አንዴ ታየ፣ አንዴ ተሰወረ ቢባል አይገርምም። በዚያው 2011 ሲንጋፖር ካሉ ተመራማሪዎች ጋር የተባበረ ዓለም አቀፍ ቡድን 2,173 ታማሚዎችንና 9,383 ጤነኞችን አወዳድሮ የክሮሞዞም 19ን አካባቢ ደግሞ አገኘው። ስለዚህ አካባቢው እውነት ነው። መጠኑ ግን ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ወርዷል። የመጀመሪያው ጥናት ቁጥር ከኋለኞቹ መብለጡ በዘረመል ሥራ የተለመደ ነው፤ ግኝት ተብሎ የሚታተመው በአጋጣሚም ትንሽ ገፋ ብሎ የወጣው ነውና።

ያ የ2011 ጥናት ሌላም ነገር ይዞ መጣ፦ ኤፍሲጂአር2ኤ። ይህ ጂን የሚሠራው የአንቲቦዲን ጭራ የሚይዝ መያዣ ነው። የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ነው፤ ሂስቲዲን ያለበት ዓይነት አደጋውን በ1.3 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ወዲያው ልብ ትሉት ይሆናል፦ መድኃኒቱ ራሱ አንቲቦዲ አይደለም እንዴ? እንግዲያው መያዣው ሲለያይ ምላሹም መለያየት አለበት! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዘሎ ተነስቷል። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፣ መሞከርም ይገባዋል። ነገር ግን ጥናቱ ያወዳደረው የታመሙትን ካልታመሙት ጋር ነው። መድኃኒቱ የሠራላቸውን ካልሠራላቸው ጋር አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የአንዱን መልስ ለሌላው ማዋስ አይቻልም። በ2012 የጃፓንና የታይዋን ቡድኖች የጨመሯቸው ቢኤልኬና ሲዲ40ም እንዲሁ የተጋላጭነት ጂኖች ናቸው።

«ምላሽ» የሚባለው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው እንዴት ተለክቶ ነው? በቴርሞሜትር። መድኃኒቱ ተንጠባጥቦ ካለቀ ከ36 ሰዓት በኋላ ትኩሳት ካለ «እምቢ ብሏል» ይባላል። 36 ሰዓት ሰው ያሰመረው መስመር ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚደወል ደወል የለም። በ35ኛው ሰዓት ትኩሳቱ የለቀቀው ልጅና በ37ኛው የለቀቀው ልጅ በተለያየ ሳጥን ይገባሉ። ከዚያ ሁለቱ ሳጥኖች ውስጥ የጂን ልዩነት ይፈለጋል። ያልጠራ መለኪያ ይዛችሁ ጥቃቅን የዘር ልዩነት ፍለጋ ስትወጡ፣ ያለው ይጠፋባችኋል፣ የሌለው ይታያችኋል።

ከዚህ የባሰው ሌላኛው ነው። ትኩሳቱ ያልለቀቀው ልጅ መድኃኒቱ ስላልተስማማው ነው? ወይስ በሽታው ከመጀመሪያው የበረታበት ልጅ ስለሆነ ነው? አስቡት፦ አንድ ባልዲ ውሃ ትንሹን እሳት ያጠፋል፣ ትልቁን አያጠፋም። ትልቁ እሳት ላይ ያልሠራው ውሃው ተበላሽቶ አይደለም። የአይቲፒኬሲ ፍሬን ያነሰበት ልጅ ብግነቱ ቢበረታ እንጠብቃለን፤ ብግነቱ ከበረታ ደግሞ ያው መጠን መድኃኒት ላይበቃው ይችላል። በ2013 የኦኖውቺ ቡድን አይቲፒኬሲንና ካስፓ3 የሚባለውን ጂን አጣምሮ መድኃኒቱ ካልሠራላቸው ልጆች ጋር እንደሚያያዙ አሳየ። እሺ፣ ይያያዙ። ግን ያ የበሽታው ክብደት ጂን ነው ወይስ የመድኃኒቱ ምላሽ ጂን? ሁሉም ልጅ ያንኑ መድኃኒት በወሰደበት ጥናት ይህን መለየት አይቻልም። መድኃኒት ያልወሰደ ቡድን ያስፈልጋል፤ ልጆችን ያለ ሕክምና መተው ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ «የምላሽ ጂን» የሚሉ አርእስቶችን ስታዩ፣ አርእስቱ ከመረጃው አንድ እርምጃ ቀድሞ ሄዷል።

የቁጥር ነገርም አለ። አንድ ሆስፒታል 100 ታማሚ ልጆች ቢሰበስብ፣ መድኃኒቱ እምቢ ያላቸው 15 ያህል ናቸው። ከ15 ልጆች ደም የሚገኝ ፊደል ብዙ ማለት አይችልም። በሌላ በኩል መላውን ዲ ኤን ኤ የሚቃኙ ጥናቶች ግማሽ ሚሊዮን ፊደል ይፈትሻሉ እንበል። የተለመደውን «ከ20 አንዴ በአጋጣሚ» የሚለውን መስፈርት ቢጠቀሙ፣ ምንም እውነት ባይኖር እንኳ 25,000 ፊደሎች «ተገኙ» ይላሉ። መስፈርቱ እጅግ ጠባብ የተደረገውና ሺህ ታማሚዎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። በጥቂት ልጆች ላይ የወጡ፣ ማንም ያልደገማቸው የ«ምላሽ» ጽሑፎች ብዛት የሚያስገርም ነው፤ አንድ በአንድ መጥቀሱ አይጠቅማችሁም።

ጂኑ መድኃኒቱን ጠቆመ?

ወደሚያምረው ታሪክ መጨረሻ ደረስን። ካልሲኒዩሪንን የሚያግድ መድኃኒት አለ፤ ሳይክሎስፖሪን ይባላል፣ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ይወስዱት የነበረ። የአይቲፒኬሲ ፍሬን ካነሰ በሌላ በኩል ፍሬን እንጨምር ነው ነገሩ። እነሃታ ጃፓን ውስጥ በ22 ሆስፒታሎች ካይካ የተባለውን ሙከራ አካሄዱና ውጤቱን በ2019 ላንሴት ላይ አወጡ። አይቪአይጂ ብቻ ከወሰዱት 87 ልጆች የ27ቱ (31 በመቶ) ቧንቧ ችግር ታየበት፤ ሳይክሎስፖሪን ከተጨመረላቸው 86 ግን የ12ቱ (14 በመቶ) ብቻ። 6 ልጆች መድኃኒቱን ቢወስዱ የ1ዱ ቧንቧ ይድናል ማለት ነው። ጥቂት መድኃኒቶች እንዲህ ያለ ውጤት አላቸው።

ሦስት ነገር ግን ይጎረብጠኛል። አንደኛ፣ ልጆቹ የተመረጡት በጂናቸው አይደለም። የተመረጡት በኮባያሺ ነጥብ ነው፤ ይህ በ2006 የወጣ፣ ሶዲየም፣ የጉበት ኢንዛይም፣ የፕሌትሌት ብዛት፣ ዕድሜና የመሳሰሉት ተደምረው የሚሰላ ተራ ነጥብ ነው። ጂኑን የሚያሞግሰው ታሪክ መጨረሻ ላይ በሽተኛውን የመረጠው ማንኛውም ላቦራቶሪ የሚሠራው የደም ምርመራ ነው። ሁለተኛ፣ ሳይክሎስፖሪን ለካዋሳኪ የተሞከረው ከጂኑ በኋላ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ነገር እምቢ ላለው ልጅ ሐኪሞች መስጠታቸው በ2001 ታትሟል፣ ከጂኑ 7 ዓመት በፊት። ጂኑ ሐሳቡን አጠናከረው፣ ምክንያት ሰጠው፣ ትልቅ ሙከራ እንዲካሄድ ጉልበት ሆነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ «ጂኑ መድኃኒቱን ወለደ» ግን አይባልም።

ሦስተኛውና ለኔ ዋናው፣ ካይካ ያወዳደረው ከአይቪአይጂ ጋር ብቻ ነው። ከ7 ዓመት በፊት፣ በ2012፣ ሬይዝ የተባለ ሌላ የጃፓን ሙከራ ተመሳሳይ ከባድ አደጋ ላይ ያሉ ልጆችን ወስዶ አይቪአይጂ ላይ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ርካሽ ስቴሮይድ ቢጨምር፣ የቧንቧ ችግሩን ከ23 በመቶ ወደ 3 በመቶ አውርዶታል። ሁለት ሙከራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄ ይበልጣል» ማለት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ የለካቸው ሰው፣ ልጆቹ፣ ጊዜው ይለያያል። ግን ጥያቄው እኮ ራሱን ይጠይቃል፦ ስቴሮይድ በእጃችን እያለ ሳይክሎስፖሪን ለየትኛው ልጅ ነው? በ2021 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ኪድኬር ደግሞ ሦስተኛ መድኃኒት አመጣ፤ አንደኛው አይቪአይጂ እምቢ ላላቸው ልጆች ኢንፍሊክሲማብ ሲሰጥ 77 በመቶው ትኩሳታቸው ለቀቀ፣ ሁለተኛ አይቪአይጂ ከወሰዱት ግን 51 በመቶው። ሦስት መድኃኒት፣ አንድ ልጅ። ዘረመል ሊጠቅም የሚገባው ልክ እዚህ ነበር፤ «ለዚህኛው ይሄ፣ ለዚያኛው ያ» ብሎ። እስካሁን ሐኪም አልጋ አጠገብ የደረሰ እንዲህ ያለ የጂን ምርመራ የለም።

ስለ ኮባያሺ ነጥብ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ለኛ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ጃፓን ውስጥ ሲፈጠር መድኃኒቱ እምቢ ከሚላቸው ልጆች ከ4ቱ 3ቱን ያህል አስቀድሞ ይለይ ነበር። ሰሜን አሜሪካ ሄዶ ሲፈተሽ ከ3ቱ 1ዱን ብቻ ለየ፤ ሁለቱ አመለጡት። የተሠራው በደም ጨውና በጉበት ኢንዛይም ነው እንጂ በጂን አይደለም፤ እሱ እንኳ ባሕር ሲሻገር ከከዳን፣ የጃፓን ልጆች ላይ የተገኘ የፊደል ዝርዝር ሌላ ሕዝብ ላይ እንዲሁ ይሠራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ስለ ካዋሳኪ ከምናውቀው ዘረመል አብዛኛው የመጣው ከጃፓን፣ ከታይዋን፣ ከኮሪያና ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ልጆች ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ጥቁር ልጆች ከነጮቹ በመጠኑ በልጠው ይታመማሉ። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ያለ የኛ ሰው ልጅ ቢታመም ሐኪሙ የሚያመሳክርበት የዘረመል መረጃ በአብዛኛው የሱን ዓይነት ልጅ ያላየ ነው። ሽፍታውና የከንፈሩ መቅላት ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቶሎ አለመታየቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣልና የሚባክን ቀን የለም።

«ቶንሲል ልብ ይበላል የሚባለው ይሄ ነው ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አይደለም። በሀብታም አገሮች ልጆች ከተወለዱ በኋላ ከሚይዛቸው የልብ በሽታ ካዋሳኪ ቀዳሚው ነው፤ በኛ አገር ቀዳሚው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ያኛው የሚነሳው በባክቴሪያ ከመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው፣ የሚያበላሸውም የልብን በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን ነው። እሱም የዘረመል ጥናት አለው፤ በ2017 ከፓስፊክ ደሴቶች፣ በ2021 ደግሞ ከ8 የአፍሪካ አገሮች የወጡ። ያመጡልን ፍንጭ ነው፣ ሕክምና ገና አይደለም። ኡጋንዳ ውስጥ የተካሄደ ሙከራ ደግሞ የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት በአልትራሳውንድ የታየባቸውን ልጆች ሁለት ቦታ ከፈለ። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ከወሰዱት በ2 ዓመት ውስጥ የባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ። ማንም የማንንም ፊደል አላነበበም።

ይህን የምለው ዘረመልን ለማጣጣል አይደለም። የ2008ቱ ጽሑፍ ባይወጣ ኖሮ ስለ ፍሬኑ አናውቅም ነበር፤ ቲ ሴል ውስጥ የካልሲየም መንገድ ለዚህ በሽታ ቁልፍ መሆኑን ያየነው በእሱ ነው። የምከራከረው ጂን «መንገዱ እዚህ ነው» ሲለን ሰምተን፣ «ይህ ልጅ ይድናል፣ ያ አይድንም» እንዳለን አድርገን ማውራታችንን ነው። ሁለተኛውን ለማለት የሚያስችለው ሙከራ ሊሠራ የማይችል አይደለም። ስቴሮይድንና ሳይክሎስፖሪንን ፊት ለፊት የሚያወዳድር፣ ልጆቹ በዕጣ ከመመደባቸው በፊት ደማቸው ተወስዶ ጂናቸው የሚነበብበት፣ ከዚያም «ሲ» ያላቸው ልጆች ከስቴሮይድ ይልቅ በሳይክሎስፖሪን ተጠቅመዋል ወይ፣ «ጂ» ያላቸውስ በተቃራኒው ነው ወይ ተብሎ የሚጠየቅበት። ያኔ የበሽታው ክብደትና የመድኃኒቱ ምላሽ ይለያያሉ፤ ሁለቱም ቡድን ውስጥ ክብደቱ እኩል ነውና። ብዙ አገሮች ተባብረው ብዙ ልጅ መመዝገብ ይኖርባቸዋል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ጥያቄ ከካይካ 175 ልጆች በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቁጥር ይፈልጋል። ከነዚያ አገሮች ውስጥ ጥቂቱ አፍሪካ ውስጥ ቢሆኑ ደግሞ፣ በየክሊኒኩ «ኩፍኝ ነው»፣ «የመድኃኒት አለርጂ ነው» እየተባሉ ከሚመለሱት የ5 ቀን ትኩሳተኞች ስንቱ ካዋሳኪ እንደሆነ አብሮ ይቆጠር ነበር።